ሰባት ዙር ቴፍሎን

ኅዳር 3

ለውድ የወንድሜ ልጅ፣ ለፒንሳዬ፤

ከሰላምታዬ በፊት ጤናሽ ይቅደም፤ ከጤናሽም በፊት ልብስሽ። ባለፈው በላክሽው ፎቶግራፍ ላይ ስስ ጃኬት ለብሰሽ አይታሽ ባለቤቴ፣ እትዬሽ፣ ሳምንት ሙሉ ስትነጫነጭ ሰንብታለች። እኛ ደህና ነን። የእኔ ጆሮ እንደምታውቂው አርባ ዓመት ቧንቧ ሲቀጠቀጥበት ኖሮ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ስልክ ብትደውዪ የምሰማው ንብ የሚመስል ነገር ብቻ ነው። በደብዳቤ እንጨዋወት የምልሽ ለዚህ ነው፤ ወረቀት "ምን አልክ?" ቢሉት አይሰለችም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። መኪናዬ አለቀች። ዘጠኝ ዓመት ፈጀች እንጂ አለቀች። ሻንሲዋን ከሁለት ኢንች የውሃ ቧንቧ የበየድኩት ራሴ ነኝ። ሞተሯ ዳቦ ስታመላልስ ከኖረች አሮጌ መኪና የወጣ ነው። ወንበሮቿ ከፈረሰ ሲኒማ ቤት ስለመጡ ሰው ሲነሳ ራሳቸው ይታጠፋሉ። ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ዝም አለ፤ አሁን ደግሞ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቆ ያያል።

የቀረኝ ታርጋ ብቻ ነው። የመኪና መርማሪው ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለት ጊዜ ጥሎኛል። መጀመሪያ የጣለኝ በፍሬን ነው፤ ልክ ስለነበረ አልተቀየምኩትም። ሁለተኛው ግን በጌጅ ነው። የሙቀት መለኪያው ቀስት ሞተሩ ፈልቶ እንፋሎት ሲተፋ እንኳ ታች እንደተኛ ነው። የዘይት ግፊቱ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ገና ቁልፍ ስከፍት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቁጭ ይላል። መርማሪው ጌጆቹ የተደረደሩበትን ክሩስኮት አየ፣ እኔን አየ፣ "አባት፣ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ አብዷል" ብሎ ወረቀቱ ላይ ፈረመ። ሦስተኛውና የመጨረሻው ምርመራ የካቲት 25 ነው። ያን ቀን ከወደቅኩ ፋይሌ ይዘጋል።

ፋይሉ ብቻ ቢሆን ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም እል ነበር። እትዬሽ ግን ወረቀት አስፈርማኛለች። መኪናዋ እስከ የካቲት መጨረሻ በራሷ ጎማ ከግቢ ካልወጣች በቁራሌው ጋሪ ተቆራርጣ ትወጣለች ይላል፤ ሁለት ጎረቤቶች ምስክር ሆነው ፈርመዋል፤ አንዱማ እየሳቀ ነው የፈረመው። አልፈርድባትም፤ ዘጠኝ ዓመት ልብስ ስታሰጣ የኖረችው ኮፈኑ ላይ ነው። ይህን ሁሉ የታገሠችው ለእህቷ ስትል ነው። ታላቅ እህቷ የምትኖረው የዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። አውቶቡስ እዚያ አይደርስም፤ የእትዬሽ ጉልበትም ዳገት ከከዳት ቆየ። ሁለቱ እህትማማቾች አንድ ከተማ ውስጥ ሆነው ሦስት ዓመት ዓይን ለዓይን አልተያዩም። እኔ በመኪናዬ አደርስሻለሁ ብዬ ምያለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሞተሩን ሳስነሳ የቤንዚን መስጫው ገመድ ይግላል። ባለፈው እንዲያውም ጨሰ። ቤንዚንና ጭስ ጎረቤት ሲሆኑ ደስ አይለኝም።

አገጣጠሜን እንዳትጠራጠሪ ልንገርሽ። ሙቀቱንና ግፊቱን ለጌጆቹ የሚነግሩትን ሁለት ሴንሰሮች ሞተሩ ላይ ያጠበቅኳቸው በገዛ እጄ ነው። የሚጠብቅ ጥርሳቸውን ቧንቧ እንዳያፈስ በምንጠቀልልበት ነጭ ቴፍሎን፣ ሰባት ዙር፣ አንድ መስመር ሳላዛንፍ ጠቅልዬ ነው ያስገባሁት። አንድ ጠብታ ውሃ፣ አንድ ጠብታ ዘይት አልወጣም። ሰፈሩ "ደረቁ" ብሎ የሚጠራኝ የእኔ ሥራ አፍስሶ ስለማያውቅ ነው። እትዬሽ ስሙ የወጣልህ በሌላ ምክንያት ነው ትላለች፤ እሷ ምን ታውቃለች።

አንቺ የትልቅ ጋራዥ የኤሌክትሪክ አለቃ ነሽና እንዲህ ያለው ነገር ለአንቺ ኢምንት ነው። ምክርሽን እጠብቃለሁ።

አጎትሽ


ኅዳር 24

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

እርስዎም እትዬም ጤናችሁ እንደ ቧንቧ ብረት ይጠንክርልኝ፤ ዝገቱ ብቻ ይቅርባችሁ። ጃኬቱ ውስጡ ሱፍ ነው ብለው ለእትዬ ይንገሩልኝ።

የገመዱ ነገር አስደንግጦኛል። እባክዎ ይህን ሳያስተካክሉ ሞተሩን አያስነሱ። በሙያዎ ላስረዳዎት። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ወጥቶ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ ተመልሶ ባትሪው መግባት አለበት። መሄጃ ቧንቧ ብቻ አይበቃውም፤ መመለሻም ይፈልጋል። መመለሻውን እኛ ግራውንድ እንለዋለን። የእርስዎ ባትሪ ኔጋቲቩ የታሰረው ሻንሲው ላይ ነው። ሞተሩን ግን እንደማውቅዎት እንዳይንቀጠቀጥ ብለው በወፍራም ጎማ ላይ ነው ያስቀመጡት። ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሞተሩን የሚያስነሳው ያ ሁሉ ኃይል መመለሻ ሲያጣ በቀጭኗ የቤንዚን ገመድ ይሾልካል። የምትግለው ለዚህ ነው።

አውራ ጣት የሚያህል የተጎነጎነ የመዳብ ሽቦ ይፈልጉ። አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ሻንሲው ላይ በብሎን ይሰሩት። የሚታሰርበት ቦታ ቀለም ካለው ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ይፋቁት። ከዚያ የሙቀት ሴንሰሩን ሽቦ ነቅለው ጫፉን ሞተሩ ብረት ላይ ያስነኩት። ቀስቱ እስከ ቀዩ ከወጣ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው ማለት ነው።

ሌላ ትንሽ ነገር አለች። እነዚህ ሴንሰሮች ያላቸው አንድ ሽቦ ብቻ ነው። መመለሻቸው በገዛ ጥርሳቸው በኩል ነው፤ ጥርሱ የሞተሩን ብረት ሲነካ ማለቴ ነው። እና ጥርሱ ንጹሕ ቢሆን፣ ብረት ከብረት ቢገናኝ፣ ጥሩ ነው ይባላል። ምናልባት አንዴ ፈትተው ቢያዩት። ያው እርስዎ ያውቁበታል።

ሥራ ደህና ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ እግር ይበርዳል እንጂ ሌላ የምለው የለኝም።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 17

ለፒንሳዬ፤

እግርሽ አይብረድሽ፣ እጅሽ አይዛል፣ ከላይ ያለው ይጠብቅሽ። እትዬሽ ሁለት ጥንድ ካልሲ እየሠራች ነው፤ አንዱ ከሌላው ይረዝማል፤ ብታገኚው እንዳልነገርኩሽ ሁኚ።

ሽቦውን አሰርኩ። ቀለሙን ፋቅኩ። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሳ፤ ገመዱም እንደ ጠዋት ብረት ቀዝቅዞ ቀረ። ከደስታዬ ብዛት አጥፍቼ አምስት ጊዜ አስነሳሁት። አለቃ ማለት እንዲህ ነው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

ቀስቶቹ ግን ያው ናቸው። አንዱ እንደተኛ፣ አንዱ እንዳበደ።

ያልሽኝን ሙከራም አድርጌያለሁ። እትዬሽን ሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀምጬ "ክሩስኮቱን እይልኝ፤ ቀይ ላይ ከደረሰ ንገሪኝ" አልኳት። እኔ ኮፈን ሥር ገብቼ ሽቦውን ብረቱ ላይ አስነካሁት። ቀስቱ ተስፈንጥሮ ቀዩ ላይ ወጣ። እሷም ነገረችኝ፤ እኔ አልሰማሁም። ደግማ ነገረችኝ። ሦስተኛው ላይ ሞተሩ ተቃጠለ፣ ሰውዬውም አብሮ እየተቃጠለ ነው ብላ ዘላ ስትወርድ ወንበሩ ታጥፎ ቀሚሷን ያዘባት። ቀሚሷን መንጭቃ፣ የማጠቢያውን ባልዲ ከነሳሙናው አንስታ፣ ሞተሩም ላይ እኔም ላይ ደፋችው። ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። ሞተሩ ግን እንደዚያ ቀን ጸድቶ አያውቅም።

ጥርሱን ፍታው ስላልሽኝም ፈታሁት። የድሮውን ቴፍሎን አነሳሁ፣ ጥርሱን በነጭ ጋዝ አጠብኩ፣ በጨርቅ አደረቅኩ፣ ብረቱ አዲስ መሰለ። ከዚያ አዲስ ቴፍሎን ጠቀለልኩበት። ሰባት አንሶት ይሆናል ብዬ ዘጠኝ ዙር አደረግኩት። ለውጥ የለም።

ስለዚህ ጥፋቱ የሴንሰሮቹ ነው። እዚህ የሚሸጡት የረባ ነገር አይደሉም፤ ሻጩ ከየት እንደመጡ ሲጠየቅ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። እባክሽ ከዚያ ሁለት ደህና ሴንሰር ላኪልኝ። ምርመራው ሁለት ወር ከሳምንት ቀረው። እትዬሽ ቁራሌውን መንገድ ላይ ስታገኘው ስለ ጤናው መጠየቅ ጀምራለች፤ ድሮ ሰላም አትለውም ነበር።

አጎትሽ


ጥር 6

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

ደስታዎ አይጉደል፤ የሳሙናውም ውሃ ጆሮዎ አይግባ። ባልዲውን አንብቤ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን ስስቅ ሠራተኞቹ ምን ነካት ብለው አዩኝ።

ሁለቱን ሴንሰሮች በሥራ ባልደረባዬ እህት እጅ ልኬያለሁ። በዚህ ሳምንት ትደርሳለች። ካርቶኑ ውስጥ ሥዕል አለ። ሥዕሉ ላይ ያለው እጅ ሴንሰሩን ከካርቶኑ አውጥቶ በቀጥታ ሞተሩ ውስጥ ይከተዋል። በመካከል ምንም አያደርግም። እኔም ከሥዕሉ ሥር በቀይ እስክሪብቶ ጽፌበታለሁ፦ እንዳለ ይግባ፤ ምንም አይጨመር። ጥርሳቸው ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ስለሆነ ሲጠብቅ ራሱን በራሱ ይደፍናል። እባክዎ ጋሼ፣ እንዳለ ይግባ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ለምን እንደሆነ ብጽፍ ይረዝማል። ብቻ ምርመራው ከመድረሱ በፊት እንዴት እንደሆነ ይጻፉልኝ። እትዬንም ስለ ካልሲው ያመስግኑልኝ፤ እንዳልነገሩኝ ሆኜ ነው።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 22

ለፒንሳዬ፤

የላክሽው ደረሰ፤ የላከ እጅ አይታጣ። ያመጣችልን ሴትዮ በር ላይ ቆማ የሲኒማውን ወንበር ካላየሁ አልሄድም ብላ፣ ተቀምጣበት፣ ስትነሳ ታጥፎ ጥሏት፣ ስቃ ሄዳለች።

ራሱን በራሱ ይደፍናል ያልሽው አሳቀኝ። እንደዚያ ቢሆን እኔ አርባ ዓመት የማን እንጀራ ስበላ ኖርኩ። "ምንም አይጨመር" ያልሽውን ግን አክብሬያለሁ። ቅባት የለ፣ ሙጫ የለ፣ ቀለም የለ። ቴፍሎን ብቻ ነው። ቴፍሎን ደግሞ ጭማሪ አይደለም፤ ሰው ሱሪ ሲለብስ ጨመረ አይባልም። ለውጭ ዕቃ ክብር ብዬ አሥራ አንድ ዙር ሰጠሁት። ውጤቱን ልንገርሽ? አንዱ ተኝቷል፣ አንዱ አብዷል።

እንግዲህ ምክርሽም አለቀ፣ የእኔም ጊዜ አለቀ። ሬዲዮ ጠጋኙ ጎረቤቴ መላ አምጥቷል። የጌጁን መስታወት ከፍተን ሁለቱንም ቀስት መሃል ላይ በጠብታ ሙጫ እናጣብቃቸዋለን። መርማሪው መሃል ላይ ያለ ቀስት ይወዳል። ታርጋዬን እቀበላለሁ፣ በማግስቱም እትዬሽን ጭኜ ዳገቱን እወጣለሁ። ለእህቷ ከአሁኑ መልእክት ልካለች። አዲስ ጫማ ገዝታ በየክፍሉ እየተራመደችበት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንሽ። የጋራዥሽ አርማ ባለበት ወረቀት ላይ፣ የኤሌክትሪክ አለቃ መሆንሽን፣ የመኪናዬንም ጌጅ አንቺ እንዳየሽው ጽፈሽ፣ ማኅተም አስመትተሽ ላኪልኝ። መርማሪው ቢያቅማማ አወጣለታለሁ። ቶሎ ይሁን።

አጎትሽ


የካቲት 4
በፈጣን ፖስታ

ጋሼ፤

ሰላምታዬን ከመጨረሻው ላይ ያገኙታል፤ መጀመሪያ ይህን ያንብቡ። ቀስቱን በሙጫ እንዳያጣብቁት።

ዳገቱን ሲወጡ ሞተሩ መፍላቱ አይቀርም። ቀስቱ መሃል ላይ ተጣብቆ ሁሉ ደህና ነው ይልዎታል። ሲፈላ ድምፁን አይሰሙም። እንፋሎቱ ገንፍሎ መስታወቱን ሲሸፍነው ዳገቱ መሃል ላይ ነዎት፣ እትዬ ጎንዎ ናቸው፣ አዲሱን ጫማቸውን አድርገዋል። ይህን እያወቅኩ ዝም ካልኩ ሰው አይደለሁም።

ጥፋቱ የቴፍሎኑ ነው።

ሴንሰሩ ቧንቧ አይደለም። በጥርሱ በኩል ሞተሩን ካልነካ መመለሻ የለውም። ሰባት ዙር ቴፍሎን ማለት ከብረቱ ለይተው በነጭ ጨርቅ ገነዙት ማለት ነው። ዘጠኝና አሥራ አንድ ሲያደርጉት ይባስ አጠበቁበት። ይህን ያወቅኩት ከመጀመሪያው ደብዳቤዎ ነው። ከዚያ ወዲህ ዙሪያውን ስዞር ከረምኩ።

እንዴት እንዳወቅኩ ይጠይቁኝ። እዚህ መጥቼ የመጀመሪያው ጋራዥ የገባሁ ሰሞን የአሥራ አራት ዕቃ ማመላለሻ መኪኖች ሴንሰር እንድቀይር ታዘዝኩ። ሌሎቹ ሠራተኞች ራቁቱን ሲከቱት አይቼ እነዚህ ሰዎች ሥራ አያውቁም አልኩ በሆዴ። ስሄድ የሰጡኝ ቴፍሎን ኪሴ ውስጥ ነበር። አሥራ አራቱንም ሰባት ሰባት ዙር ጠቀለልኩ። እንዴት እንዳማረልኝ አይጠይቁኝ። በሳምንቱ አሥራ አራቱም ቀስታቸው ተኝቶ ተመለሱ፤ አንደኛው ሞተሩ ነዶ ተጎትቶ ነው የመጣው። አለቃው ይህን ማን አስተማረሽ አለኝ። አልነገርኩትም። በዚያው ቀን አሰናበተኝ።

ለእርስዎ የጻፍኩት ግን ወደ ተሻለ ጋራዥ ተዛወርኩ ብዬ ነው። እውነቱ ሁለት ዓመት መኪና አጠብኩ። ከዚያ ነው አሁን ያለሁበት ጋራዥ የገባሁት። አለቃ አይደለሁም ጋሼ። አራት የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ነን፤ እኔ ሦስተኛዋ ነኝ። አራተኛው ባለፈው ወር ነው የተቀጠረው። ስለዚህ ማኅተም ያለበት ወረቀት ልልክልዎት አልችልም።

ለምን ዝም አልኩ? አባቴ አንድ ቀን የመታጠቢያ ቤታችንን ቧንቧ አይቶ "ትንሽ ይንጠባጠባል መሰለኝ" ቢልዎት አራት ዓመት ደጃችንን አልረገጡም። መሰለኝ ነው ያለው። ስትታረቁ ለአባቴ የቀረው ዕድሜ አንድ ዓመት ነበር። እዚህ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎ ካኮረፉኝ የፖስታ ሣጥኔን የምከፍትበት ምክንያት ምንድን ነው እያልኩ ነው የከረምኩት። አሁን ግን ቢያኮርፉኝም ያኩርፉኝ፤ ቴፍሎኑን ልጠው ያውጡት፣ ጥርሱን ራቁቱን ያስገቡት።

ሰላምታዬ ይኸው፦ እወድዎታለሁ። እትዬን ይሳሙልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 2

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

ጤናዎን እየተመኘሁ ነው። የካቲት 25 ካለፈ ሳምንት ሆነው። ከእርስዎ የመጣ ነገር የለም። ታርጋውን ቢያገኙም ባያገኙም፣ ቢቆጡኝም ቢረሱኝም፣ እትዬ ደህና መሆናቸውን ብቻ በአንድ መስመር ይጻፉልኝ። ሌላ አልጠይቅም።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 14

ለፒንሳዬ፤

እትዬሽ ደህና ናት። መስመሩ ይኸው፤ ቀሪውን ደግሞ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ ለቀዘቀዘው እግርሽ፣ ለፖስታ ሣጥንሽም።

ፈጣን ፖስታሽ የደረሰኝ ጠዋት ነው። ቆሜ ጀመርኩት፣ ተቀምጬ ጨረስኩት። ከዚያ ትራስ ሥር ከተትኩትና ሦስት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። በሆዴ የማልኩትን ላንቺ አልጽፍም። ይቺ ጥሬ ልጅ፣ ፒንሳ ከመዶሻ ሳትለይ ያስተማርኳት፣ እኔን ታስተምረኛለች እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። እትዬሽ ትራሱን ስታነሳ ደብዳቤውን አግኝታ አነበበችው። የወጥ ቤቱን ቢላ አምጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችውና ወጣች።

ላጥኩት። አሥራ አንዱንም ዙር። ሁለቱንም ሴንሰር ራቁታቸውን አስገባሁ፣ አጠበቅኩ፣ ውሃውን ሞላሁ፣ ከሥሩ ብርጭቆ ይዤ ተንበረከክኩ። ሲፈስ እንዲያው በዓይኔ አይቼ ለአንቺ ልጽፍልሽ ነበር ሐሳቤ። ግማሽ ሰዓት ተንበረከክኩ። ጠብ አላለም። ከሁሉ ያናደደኝ እሱ ነው። ከዚያ ቁልፍ ስከፍት ያበደው ቀስት ወርዶ ዜሮ ላይ ተቀመጠ። ሞተሩን አስነሳሁ፤ የተኛው ቀስት እየተንጠራራ ተነሳ። ሬዲዮ ጠጋኙ ሙጫውን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ይዞት ተመለሰ።

መርማሪው በቀኑ መጣ። ክሩስኮቱን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። ሞተሩን አስነሳ፣ አጠፋ፣ ደግሞ አስነሳ። ቀስቶቹ የሚባሉትን ሁሉ አደረጉ። "ማን አስተካከለልዎት?" አለኝ፤ ሦስት ጊዜ ደገመልኝ። "የወንድሜ ልጅ ናት" አልኩት። "ውጭ አገር አንድ ጋራዥ ውስጥ ከአራት የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሦስተኛዋ ናት።" ሰውዬው ራሱን ነቀነቀና "ታዲያ ከእሷ በላይ ያሉት ሁለቱ ምን ያህል ቢያውቁ ነው" ብሎ ፈረመ። ታርጋዬ ተሰጠኝ። እትዬሽ የፈረምኩትን ወረቀት ምስክሮቹ ፊት ቀደደችው።

በማግስቱ ዳገቱን ወጣን። ግማሹ ላይ ቀስቱ ወደ ቀዩ መጠጋት ጀመረ። የሰማሁት ነገር አልነበረም፤ ቀስቱ ነው የነገረኝ። ዳር ይዤ አቆምኩ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሃያ ደቂቃ አሳረፍናት። ቀስቱ ሲወርድ ቀጠልን። እህቷ በር ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ተቃቀፉ፤ ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀምረው እስኪመሽ አላቆሙም። እኔን አንድ ሰው ያስታወሰኝ የለም፤ ደስ ብሎኝ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ።

ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ እትዬሽ ትከሻዬን ነካች። ቀድማ ጠርታኝ ሳልሰማ ቀርቼ ይሆናል፤ አቁም አለችኝና አቆምኩ። እውነት መናገር በአንድ ሰው ብቻ መቅረት የለበትም አለችኝ። ከዚያ ለጆሮዬ ስትል ጮኻ መንገደኛው ሁሉ ዞር እስኪል ድረስ ነገረችኝ። የወጥ ቤታችን ማጠቢያ ሥር ያለው መገጣጠሚያ፣ እኔ ራሴ የሠራሁት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሲንጠባጠብ ኖሯል። ሥሩ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጣለች። እኔ ከቤት ስወጣ፣ ወይ መኪናዋ ሥር ስገባ፣ ሳህኑን አውጥታ ትደፋለች። ጠብታውን እኔ አልሰማውም። አሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። "ወንድምህን አራት ዓመት ስታኮርፈው አይቻለሁ" አለች። "እሱ ሌላ ቤት ነበረው። እኔን ብታኮርፈኝ የት እሄዳለሁ?"

ሞተሩን አጠፋሁ፣ ልጄ። የአባትሽን አራት ዓመት አሰብኩ። ያን ጊዜ የመታጠቢያ ቤታችሁ ቧንቧ ይንጠባጠብ እንደነበር እኔም አውቅ ነበር። መጥቼ ማጥበቅ አቅቶኝ ነው ያኮረፍኩት። ይህን ለእሱ ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ አልነገርኩትም፤ አሁን ለአንቺ ነገርኩሽ። ያን ቴፍሎን ኪስሽ የከተትኩት እኔ ነኝ፤ ከሥራ ያስባረረሽም እሱ ነው። ማን አስተማረሽ ሲሉሽ ስሜን አለመጥራትሽ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ አስጀምሮ አስቀድዶኛል፤ የዘገየሁት ለዚህ እንጂ አኩርፌ አይደለም።

ትናንት ማጠቢያው ሥር ገባሁ። ቧንቧውን አልነካሁትም፤ ለዛሬ ሳህኑን ብቻ አውጥቼ ደፋሁት። እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። እትዬሽ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር፤ አንድ ነገር ልትል ፈለገችና ተወችው። እኔም "ተናገሪው" አልኳት።

አጎትሽ